ዓይን የማይለየው 40 ዲግሪ፦ ቲታኒየም በትኩሱ ሲቀጠቀጥ ውስጡ ምን ይሆናል?

ባቲ ገበያዋ ሰኞ ነው። ግመሉም፣ ጨውም፣ ማሽላውም በዚያ ቀን ይወጣል። ከገበያው ፈንጠር ብላ አንዲት የቀጥቃጭ ጎጆ አለች። ወደ ባቲ በወረድኩ ቁጥር ጎራ እላለሁ። ውስጧ ጨለማ ነው። መጀመሪያ ሳያት መስኮት ያጣችው በእጥረት መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። ጨለማው ሆን ተብሎ ነው። የጋለ ብረት ቀለሙ ጥርት ብሎ የሚታየው በጨለማ ነው። ፀሐይ ላይ ቀይ ሁሉ አንድ ይሆናል።

ባለቤቱን "አያ" እላቸዋለሁ። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ጊሌ፣ ቢላና ማጭድ ያወጣሉ። ወናፉን ልጃቸው ይነፋል። እሳቸው ፍሙ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ይጠብቃሉ። ብረቱ የደም ቀለም ሲይዝ አይነኩትም። ወደ ብርቱካን ሲያመራ በጉጠት ላጥ አድርገው መስፉ ላይ ያሳርፉታል። ቴርሞሜትር የላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን እሳት ያየ ዓይን ግን አላቸው።

አንድ ቀን ስለ ቲታኒየም አነሳሁባቸው። "አያ፣ እሱን ለመቀጥቀጥ እሳትን በዓይን ማወቅ አይበቃም" አልኳቸው። መዶሻውን አስቀመጡና "ለምን?" አሉኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ በሁለት ቃል ልመልስላቸው አልቻልኩም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ረጅሙ መልስ ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ሊመስል ይችላል። አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ 15 በመቶ ገደማ የሚሆነው ቲታኒየም ነው። ከደሴ፣ ከሐርቡ፣ ከባቲ ተነስተው በቦሌ በኩል ወደ ጅዳና ወደ ቤሩት ለሥራ የሚሄዱት እህቶቻችን በሰማይ የሚይዛቸው እንዲህ ያለ ማዕድን ነው። በዓለም ላይ የተሰበረ ዳሌ የሚተካበት፣ አጥንት የሚታሰርበትም እሱ ነው። ስለዚህ ቲታኒየሙ እንዴት እንደተሠራ መጠየቅ የእኛም ጉዳይ ነው።

ጥያቄው ደግሞ አሁን ላይ ትኩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ቦይንግ ከሩሲያ ቲታኒየም መግዛት አቆመ። ሩሲያ ለአውሮፕላን የሚሆን ቲታኒየም በማቅረብ ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ ነበረች። ገበያው አዲስ አቅራቢ ፍለጋ ገባ። በ2024 ጁን ወር ላይ ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ የተያያዘለት ቲታኒየም ቦይንግና ኤርባስ አውሮፕላኖች ውስጥ መግባቱ ተሰማ። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ምርመራ ጀመረ። ነገሩ የተነቃው አንድ ዕቃ አቅራቢ በዝገት የመጡ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ካየ በኋላ ነው።

ያን ዜና ያነበበ ሰው "ቲታኒየሙ እውነተኛ ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ተገቢ ነው። ግን እሱ ብቻ አይበቃም። ቲታኒየሙ በኬሚካል ምርመራ እንከን የለሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያም ሆኖ ለታሰበለት ቦታ ላይሆን ይችላል። ስንት ዲግሪ ላይ እንደተመታ፣ ምን ያህል እንደተመታ፣ በምን ፍጥነት እንደተመታ፣ እንዴት እንደበረደ የኬሚካል ምርመራው አይናገርም። ከቲታኒየሙ የሚሠራውን ክፍል፣ ማለትም የማሽን አካል፣ ጥንካሬ የሚወስነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ደፉ

ቲታኒየም በሌላ መልኩ ቤታችን ገብቷል። ደሴ ላይ ግድግዳውን ነጭ የቀባ ሰው ቲታኒየም ቀብቷል ማለት ይቻላል። የዛሬ ነጭ ቀለም ንጣቱን የሚያገኘው በአብዛኛው ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ከዱቄትነት ወጥቶ ብረት ሲሆን ግን ጠባዩ ሌላ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ 4.5 ግራም ገደማ ይመዝናል። የተራው ብረት 7.8 ነው። በዚህ ቅለቱ ላይ ጥንካሬው ከጥሩ አረብ ብረት ጋር ይወዳደራል። ተፈላጊ ያደረገውም ይህ ነው።

በብዛት የሚሠራበት ቅይጥ 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም የተጨመረበት ነው። ባለሙያዎቹ "ስድስት አራት" ይሉታል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። እስካሁንም ገበያውን የሚመራው እሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ቲታኒየም ስል እሱን ማለቴ ነው።

ስድስት አራት ውስጥ አተሞቹ በሁለት መንገድ ይደረደራሉ። አንዱን አልፋ፣ ሌላውን ቤታ ይሉታል። አልፋ ጥቅጥቅ ያለ፣ ባለ ስድስት ጎን አደራደር ነው። ግትር ነው። ሲመቱት በፈለጋችሁት አቅጣጫ አይንሸራተትም። ቤታ ደግሞ የኪዩብ አደራደር አለው። ሲሞቅ እንደ ሊጥ ይገዛል። ቅይጡ ቀዝቃዛ ሲሆን አብዛኛው አልፋ ነው። ሲሞቅ አልፋው ቀስ በቀስ ወደ ቤታ ይለወጣል። 995 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ አልፋው ያልቃል። ሁሉም ቤታ ይሆናል። ይህን ነጥብ ባለሙያዎች ቤታ ትራንሰስ ይሉታል። እኔ እዚህ "ደፍ" እለዋለሁ፣ እንደ በር ደፍ።

የቲታኒየም ቀጥቃጭ ሥራ ሁሉ በዚህ ደፍ ዙሪያ ነው። ከደፉ በላይ ሆኜ ልምታ ወይስ በታች? በታች ከሆነ ስንት ዲግሪ በታች?

አያ ባሌስትራውን ሲሠሩ ሰፊ ሜዳ አላቸው። 900 ላይም ቢመቱት፣ 1100 ላይም ቢመቱት ቢላ ይወጣል። ስድስት አራት እንዲህ አያደርግም። 975 ዲግሪ ላይ የተቀጠቀጠና 1015 ዲግሪ ላይ የተቀጠቀጠ ሁለት ክፍል አምጡ። ልዩነቱ 40 ዲግሪ ብቻ ነው። አንዱ ከደፉ በታች ነው፤ ሌላው በላይ። ምድጃ ውስጥ ቀለማቸው አንድ ነው። የአያ ዓይንም፣ የማንም ዓይን አይለያቸውም። ውጪው ሲታይ ቅርጻቸው አንድ፣ ክብደታቸው አንድ፣ ኬሚካላቸው አንድ ነው። ውስጣቸው ግን ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው።

በዚህ ላይ ደፉ ራሱ ለሁሉም ቲታኒየም አንድ ቦታ አይቆምም። ኦክስጅን ትንሽ ከበዛ ደፉ ከፍ ይላል። ሃይድሮጅን ከበዛ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ቅልጥ (በአንድ ጊዜ አብሮ ለቀለጠው ቲታኒየም) ደፉን ለይቶ ይለካል። "995 ነው" ብሎ ከመጽሐፍ አንብቦ መቀጥቀጥ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሰፌድና ማሽላ

ከደፉ በላይ የሆነውን እንይ። ሁሉም ቤታ ሲሆን የሚያግደው አልፋ የለም። ብረቱ የተገጣጠመባቸው የቤታ ቅንጣቶች በፍጥነት ያድጋሉ። እስከ ሚሊሜትር ይደርሳሉ፤ ማለትም በዓይን እስከመታየት። ብረቱ ልል ስለሆነ ለፕሬሱ (ለመጫኛው ማሽን) ይመቻል። ቅርጽ ማውጫውን እስከ ጥጉ ይሞላል። አይሰነጠቅም። ሥራ ቶሎ ያልቃል።

ዋጋው የሚከፈለው ሲቀዘቅዝ ነው። ከደፉ ወደ ታች ሲወርድ አልፋው ተመልሶ ይወለዳል። የሚወለደው ግን እንደ ስስ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው። መጀመሪያ የድሮው የቤታ ቅንጣት ድንበር ላይ ይበቅላል። ከዚያ ወደ ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድሮ ይሄዳል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ጠፍጣፋዎቹ ወፍራም ይሆናሉ። ትይዩ ሆነውም በቡድን በቡድን ይቆማሉ። ፈጠን ካለ ደግሞ ቀጭን ሆነው እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ይህን የተጠላለፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ ሳየው ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የእናቴ ሰፌድ ትዝ አለኝ። አክርማው ከስንደዶው ጋር የሚተላለፍበት ቦታ ልክ እንደዚያ ነው። ባለሙያዎቹም በቋንቋቸው የቅርጫት ሽመና ብለው ነው የሚጠሩት።

ከደፉ በታች ሲቀጠቀጥ ታሪኩ ይለያል። አልፋው ገና አላለቀም። መዶሻው ወይም ፕሬሱ ሲያርፍበት ከቀድሞው ማቀዝቀዝ የቀሩት ጠፍጣፋዎች ይታጠፋሉ። ከዚያ ይሰበራሉ። በስብራቱ መሃል ቤታ ሰርጎ ይገባል። የቀረው ቁርጥራጭ ጠርዙን እያለሰለሰ ይከባል። ጥሩ ተደርጎ የተሠራው ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ የማሽላ ፍሬ የተዘራበት ይመስላል። የአንዷ "ፍሬ" ስፋት ብዙ ጊዜ የሰው ፀጉር ውፍረት አንድ አምስተኛ ያህል ነው።

የትኛው ይሻላል? ይህን ጥያቄ ተማሪዎች ሁልጊዜ ይጠይቃሉ። መልሱ በክፍሉ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የማሽላው ዓይነት ይሳባል፣ ይታጠፋል፣ ስንጥቅ እንዳይጀምርበት ይከላከላል። የሰፌዱ ዓይነት ደግሞ ስንጥቅ ከጀመረ በኋላ ይበረታል። ስንጥቁ ጠፍጣፋ በገጠመው ቁጥር መዞር አለበት። መንገዱ ይጠማዘዝበታል፤ ይዘገያል። ሙቀት ላይም የሰፌዱ ዓይነት ቀስ በቀስ መለጠጥን ይቋቋማል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው መሃከለኛው ነው፦ ጥቂት ማሽላ፣ በዙሪያው ደቃቅ ሰፌድ። ይህን ለማግኘት ከደፉ በታች ከ15 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ መቆየት ያስፈልጋል። ወደ ደፉ በተጠጋችሁ ቁጥር ማሽላው ያንሳል። በራቃችሁ ቁጥር ይበዛል። ቀጥቃጩ ቅመሙን የሚመጥነው በዲግሪ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ሙቀቱ ልክ ቢሆንም ምቱ ካነሰ ማሽላው አይመጣም። ጠፍጣፋዎቹ ተጣጥፈው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራሉ። አንድ ትልቅ ክፍል ሲጫን ደግሞ ሁሉም ቦታ እኩል አይለወጥም። መሃሉ በደንብ ይታሻል። ቅርጽ ማውጫውን የሚነካው ላይና ታች ግን ይቀዘቅዛል፣ ይይዘዋል፣ እምብዛም አይንቀሳቀስም። የአንድ ዲስክ (ክብ የሞተር ክፍል) መሃሉ ማሽላ፣ ጀርባው የተጣጠፈ ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል። ናሙና ከመሃል ብቻ ቆርጦ "ጥሩ ነው" ያለ ሰው እውነት ተናግሯል፤ ስለ መሃሉ ብቻ።

ፍጥነት የራሱን እሳት ያነድዳል

አያን በጣም ያስገረማቸው ይህ ክፍል ነበር። ብረትን ሲመቱት ይሞቃል። ሽቦ እያጠፈ እየዘረጋ የሰበረ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከምቱ ጉልበት አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ተራ ብረት ይህን ሙቀት ቶሎ ያከፋፍለዋል። ቲታኒየም ግን ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከተራ ብረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በመዶሻ ፍጥነት ሲመታ ሙቀቱ ተወልዶ እዚያው ይቀራል።

ከዚህ ሁለት ችግር ይመጣል። አንደኛው፣ ከደፉ 20 ዲግሪ በታች ብላችሁ የጀመራችሁት ክፍል መሃሉ ላይ ብቻውን ደፉን ሊሻገር ይችላል። የምድጃው መለኪያ 975 ይላል። የክፍሉ ልብ ግን 1000 አልፏል። ሁለተኛው የባሰ ነው። አንድ ቀጭን መስመር ከሌላው ትንሽ ከሞቀ ይለሰልሳል። ስለለሰለሰ የሚቀጥለው ምት ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። የበለጠ ይሞቃል፣ የበለጠ ይለሰልሳል። መጨረሻ ላይ ክፍሉን ሰያፍ የሚቆርጥ ስስ ባንድ ይፈጠራል። ስንጥቅ የሚገባው በዚያ ነው።

"እንግዲያው ቀስ ብሎ መጫን ነዋ" አሉኝ አያ። ትክክል ናቸው። ግን ቀስ ማለትም የራሱ ጣጣ አለው። ቅርጽ ማውጫው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ቀስ በተባለ ቁጥር ቲታኒየሙ ይበርዳል። ያልጋለ ምጣድ ላይ ሊጥ እንደማፍሰስ ነው፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። የቀዘቀዘው ቆዳ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መጫን የፈለገ ፋብሪካ ቅርጽ ማውጫውን ራሱን ከቲታኒየሙ ጋር እኩል ያግላል። ያን ሙቀት የሚችል ቅርጽ ማውጫ ውድ ነው። ኦክስጅን እንዳይበላውም ጥበቃ ይፈልጋል። የሚገኘው ውጤት ግን ያስደንቃል። 900 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ቅንጣቱ ደቃቅ ከሆነና በጣም ቀስ ከተባለ፣ ስድስት አራት ሳይበጠስ ከመጀመሪያ ርዝመቱ በብዙ እጥፍ ይሳባል። እንደ ማስቲካ።

ሙቀትና ፍጥነት እንዲህ ስለሚተሳሰሩ ተመራማሪዎች ሁለቱን በአንድ ካርታ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ትንሽ ሲሊንደር ቆርጠው በየሙቀቱና በየፍጥነቱ ይጨምቃሉ። የትኛው ቦታ ደህና፣ የትኛው ገደል እንደሆነ ካርታው ያሳያል። እንዲህ ያለው ካርታ በ1984 ሲወጣ የተሞከረው በቲታኒየም ቅይጥ ላይ ነበር። የሚገርም አይደለም። ካርታ በጣም የሚያስፈልገው መንገዱ ጠባብ ለሆነ ነው።

የማቀዝቀዙን ነገር አጠር ላድርገው። አያ የጋለ ቢላ ውኃ ውስጥ ሲነክሩ ብረቱ እንደ መስተዋት ይጠነክራል። ያ የካርቦን ሥራ ነው። ስድስት አራት ከደፉ በላይ ወጥቶ ውኃ ሲገባ መርፌ መርፌ የመሰለ ውስጥ ያወጣል። ግን እንደ አረብ ብረት አይደድርም፤ ጥንካሬው በመጠኑ ብቻ ይጨምራል። ሙሉ በሙሉ ወደዚያ መርፌ ለመለወጥ በሰከንድ ከ400 ዲግሪ በላይ መቀዝቀዝ አለበት። ቀጭን ናሙና ይህን ይችላል። የወፈረ ዲስክ ልቡ ግን አይችልም። ሌላው ጠላት አየር ነው። ትኩስ ቲታኒየም ኦክስጅን ይጠጣል። ላዩ ላይ ደረቅ፣ ተሰባሪ ቅርፊት ይሠራል። ለዚህ ነው ከመጋሉ በፊት የብርጭቆ ዱቄት ቅብ የሚቀባው። ከተቀጠቀጠ በኋላም ያ ቅርፊት ተልጦ መጣል አለበት። የተረፈ ካለ ስንጥቅ ከእሱ ይጀምራል።

ግሪንላንድ ላይ የወደቀው

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ የላብራቶሪ ወሬ ለሚመስለው ሰው ይህን ልንገር።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2017 የኤር ፍራንስ ኤርባስ ኤ380 ከፓሪስ ወደ ሎስ አንጀለስ ይበር ነበር። ከ500 በላይ ሰዎች ተሳፍረውበታል። ግሪንላንድ ሰማይ ላይ ከአራቱ ሞተሮች የአንዱ የፊት ማራገቢያ ተገንጥሎ ወደቀ። አብራሪዎቹ ካናዳ ጉዝ ቤይ በሰላም አሳረፉት። አንድም ሰው አልተጎዳም፤ ፈጣሪ ይመስገን። የወደቀው የማራገቢያ እምብርት ግን በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ተፈልጎ የተገኘው በ2019 ነው። ያ እምብርት የተሠራው ከስድስት አራት ነበር።

የፈረንሳይ መርማሪዎች በ2020 ውጤቱን ይፋ አደረጉ። ስንጥቁ የጀመረው ከላይ አይደለም። ከውስጥ ነው። የጀመረበት ቦታ ማክሮዞን የሚባል ነበር።

ማክሮዞን ምን እንደሆነ መረዳት ከፈለግን ወደ ማሽላው እንመለስ። ቅንጣቶቹ ደቃቅና ክብ መሆናቸው ብቻ አይበቃም። እያንዳንዷ ቅንጣት ውስጥ አተሞቹ የሚደረደሩበት አቅጣጫ አለ። ጥሩ ብረት ውስጥ ጎረቤታሞች በየራሳቸው አቅጣጫ ይዞራሉ። ስንጥቅ አንዷን ቢሻገር ሁለተኛዋ ትገታዋለች። አሁን አስቡት። እነዚህ ክብ ቅንጣቶች ከየት መጡ? ከአንድ የጠፍጣፋ ቡድን ስብራት ነው የመጡት። የአንድ ቡድን ጠፍጣፋዎች ደግሞ ሁሉም አንድ አቅጣጫ ነበራቸው። ምቱ በቂ ካልሆነ ወይም ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ቁርጥራጮቹ ይከባሉ፤ ግን የእናታቸውን አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታዩ የተለያዩ ብዙ ፍሬዎች ናቸው። ለስንጥቁ ግን እንደ አንድ ትልቅ ፍሬ ናቸው።

ሞተሩ ለመነሳት ሙሉ ኃይል ይዞ ሲቆይ ጭነቱ ያለማቋረጥ ይጫናል። በቀዝቃዛው የሞተሩ ክፍልም ቢሆን አንዳንዱ ቅንጣት ቀስ ብሎ ይሸሻል። ጭነቱን ለግትሩ ጎረቤቱ ይተውለታል። ግትሩ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ጎረቤቶቹ ሁሉ አንድ አቅጣጫ ካዩ የሚያቆመው የለም።

ለዚህ ችግር መድኃኒቱ የሚጀምረው ዲስኩ ዲስክ ከመሆኑ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። መቅደላ ሄዶ የአፄ ቴዎድሮስን ሴባስቶፖል ያየ ሰው ፈሶ የረጋ ብረት ምን ያህል ግዙፍ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ጋፋት ላይ ቀልጦ የፈሰሰው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። የቲታኒየም ኢንጎትም ሲጀምር እንዲሁ በቶን የሚለካ፣ ፈሶ የረጋ ነገር ነው። ውስጡ ሻካራ ነው። መጀመሪያ ከደፉ በላይ ይቀጠቀጣል። ከዚያ ከደፉ በላይ ግሎ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ጠፍጣፋዎቹ ቀጭን፣ ቡድኖቹም ትንንሽ እንዲሆኑ። ከዚያ ከደፉ በታች፣ እየዞረ፣ ከየአቅጣጫው ይመታል። በዚህ መሃል አንድ ዙር የዘለለ ፋብሪካ ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል። ጉድለቱ ግን ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ለዓመታትም ድምፅ ላያሰማ ይችላል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሁሉም ጥፋት የቀጥቃጩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ሱ ሲቲ ላይ የወደቀው ዲሲ-10 ከ296 ሰዎች የ112ቱን ሕይወት ቀጥፏል። የዚያም የማራገቢያ ዲስክ ቲታኒየም ነበር። ጥፋቱ ግን የመጣው በማቅለጡ ጊዜ ናይትሮጅን ካደረቀው ትንሽ ነቁጥ ነው። እንዲህ ያለውን ነቁጥ የትኛውም መዶሻ አያድነውም።

ሰነዱን በተመለከተ ያለኝ አቋም ከዚህ የመጣ ነው። ቲታኒየም የሚገዛ ሰው የኬሚካል ወረቀት ብቻ ተቀብሎ መሄድ የለበትም። የዚያ ቅልጥ ደፍ ስንት ሆኖ እንደተለካ ይጠይቅ። በመጨረሻው ዙር ስንት ዲግሪ ላይ፣ ስንት በመቶ እንደተጨመቀ ይጠይቅ። እንዴት እንደቀዘቀዘ ይጠይቅ። የውስጡን ፎቶ፣ ከመሃልም ከዳርም፣ ይጠይቅ። ሐሰተኛ ሰነድ የሚሠራ ሰው የኬሚካል ቁጥር መቅዳት ይቀለዋል። ከዕቃው ጋር የሚገጥም የእሳት ታሪክ ፈጥሮ መጻፍ ግን ይከብደዋል፤ ዕቃው ተቆርጦ ሲታይ ይጋለጣል።

ከባሌስትራው እንጀምር

ኮምቦልቻ ውስጥ ቲታኒየም የሚቀጠቅጥ ፋብሪካ የለም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ልብስ ስፌት ይዞ ነው የመጣው። የብረት ሥራው ደግሞ ቆርቆሮና ላሜራ ላይ ነው። ግን በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መካኒካል ምህንድስና የሚማሩ ልጆች አሉን። ከእነሱ መካከል ነገ አውሮፕላን የሚጠግን፣ የሰው ዳሌ የሚሠራ ዕቃ የሚመረምር ይወጣል። እነዚህ ልጆች ስለ ማይክሮስትራክቸር (በማይክሮስኮፕ ስለሚታየው የብረት ውስጥ) ከሰሌዳ ላይ ተምረው ከሚመረቁ ባሌስትራ ቆርጠው ቢያዩ እመርጣለሁ።

ባሌስትራ ርካሽ ነው። በየጋራዡ ወድቋል። ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ካርቦን አለው። ሲግል ቅንጣቱ ያድጋል፣ ሲመታ ይደቃል፣ ሲነከር ይደድራል። ደፍ፣ ምት፣ ፍጥነት፣ ማቀዝቀዝ፣ አራቱንም በዓይን ያሳያል። ይህን የተረዳ ተማሪ ቲታኒየም ሲገጥመው አዲስ የሚሆንበት የደፉ ጥበትና የሙቀቱ አልተላለፍ ማለት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ስለ ባሌስትራ የሚያስተምር ሰው በየገበያው አለ።

ስለዚህ ሰው ዝም ማለት አልችልም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬም ቀጥቃጭ "ቡዳ" የሚባልበት መንደር አለ። ልጁ ሙያውን ደብቆ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ቦታ አለ። ያሳዝነኛል። ያናድደኛልም። ማረሻችንን የሠራን ሰው ሰድበን ስናበቃ የብረታ ብረት ምሁር አጣን ብለን እናማርራለን።

ባለፈው አያ አንድ የተሰበረ ቢላ ሰጡኝ። ወደ እጀታው የሚገባው ጭራው ላይ ነው የተሰበረው። ኮምቦልቻ አምጥቼ ከስብራቱ አጠገብ ቆረጥኩት። ፈጭቼ እንደ መስተዋት አለሰለስኩት። በአልኮል የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ነካ አደረግኩት። ከዚያ ደውዬ ጠራኋቸው። ከባቲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በማግስቱ መጡ። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። የጭራውን ጫፍ አሳየኋቸው፤ ቅንጣቱ ደቃቅ ነው። ወደ ስብራቱ ስንጠጋ ቅንጣቱ አደገ፣ ተንዘረፈፈ።

ምንም አላልኳቸውም። ቀና ሳይሉ "እዚህች ጋ አቃጥያታለሁ" አሉኝ። "ያን ቀን ልጁ ወናፉን አብዝቶብኝ ነበር።"